ጭራው ላይ ጎማ ያለው አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ለምን ይዞራል?

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ሰላም ጎበዝ። በ2013 አንበጣ ወሎን ከወረረ ወዲህ የመርጫ አውሮፕላን ቪዲዮ እያየሁ አመሻለሁ። ጭራው ላይ ትንሽ ጎማ ያለው በሰላም አርፎ፣ ፍጥነቱን ሲቀንስ ድንገት ዞሮ ክንፉ መሬት ይመታል። ምን ነክቶት ነው?

ጡረተኛው፣ ደሴ፦ አብሽር ልጄ። የክብደቱ መሃል ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ኋላ ነው። ጋሪ ስትጎትተው ይከተልሃል፤ ስትገፋው ግን አንዴ ከተጣመመ ይብስበታል። ፍጥነቱ ሲወርድ ደግሞ የጭራው መሪ አየር ያንሰዋል፤ በእግርህ ቶሎ ካልቀደምከው አለቀ።

እኔ የሰበርኩት ግን ሳርፍ አይደለም፣ መሬት ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ! ብርቱ ነፋስ ከኋላ እየመጣ የእጅ መሪውን ወደ ሆዴ ስቤ ያዝኩ፤ መግፋት ነበረብኝ። ጭራው ተነሳ፣ ፕሮፔለሩ መሬቱን አረሰው። ያን ቀን ቡናም አላሰኘኝ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ አፍንጫው ፊት ለፊት ይጋርዳል የሚባለውስ?

ጡረተኛው፣ ደሴ፦ እውነት ነው። ለዚያ ነው እንደ እባብ እየተጠማዘዝን የምንሄደው።