የአርስቶትል ዓላማ ከተጠራጣሪዎች ጥያቄ ያመልጣል?

አወያይ፦ ተፈጥሮ በከንቱ የምትሠራው ነገር የለም፣ የምትሠራው ለዓላማ ነው የሚለው የግሪኩ ፈላስፋ የአርስቶትል አቋም የጥንት ተጠራጣሪዎችን፣ ማለትም እርግጠኛ ነን የሚሉትን ማስረጃ የሚጠይቁ ፈላስፎችን፣ ጥያቄ ይቋቋማል ወይስ አይቋቋምም? መድረኩ ክፍት ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ይቋቋማል ባይ ነኝ። አርስቶትል «ፊዚክስ» በተሰኘው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ክርክሩን ከአፋችን ይጀምራል። አጋጣሚ የሚባለው አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነውና፣ የፊት ጥርስ ስለታም ሆኖ ለመቁረጥ፣ መንጋጋ ሰፊ ሆኖ ለማላመጥ ዘወትር በዚያው ሥርዓት ሲበቅል እያየን አጋጣሚ ነው ልንል አንችልም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ መምህር፣ መደጋገም ብቻውን ዓላማን አያስረዳም። እዚያው ላይ አርስቶትል ራሱ የሚጠቅሰው ከእሱ የቀደመው ፈላስፋ ኤምፔዶክልስ፣ አካላቸው እንዳጋጣሚ የሰመረላቸው ተረፉ፣ የሰው ፊት ያላቸውን በሬዎች የመሳሰሉት ግን ጠፉ ይላል፤ ስለዚህ የዛሬው ሥርዓት የሚያሳየን የተረፈውን እንጂ የታሰበውን አይደለም። ኢስጦኢኩ (ዓለም በመለኮታዊ ጥበብ ትመራለች ከሚሉት ፈላስፎች አንዱ የሆነው) ክሪሲጶስ ደግሞ ዐሳማ የተፈጠረው ለመታረድ ነው፣ ነፍስም የተሰጠችው ሥጋው እንዳይበሰብስ በጨው ፈንታ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ155 አቴናን ወክሎ ሮም የሄደው ተጠራጣሪው ካርኔአዴስ ታዲያ፣ ማንኛውም ፍጡር የተፈጠረበትን ግብ ሲመታ የሚጠቀም ከሆነ ዐሳማም ታርዶ ሲበላ ይጠቀማል ማለት ነው ሲል መለሰ። (ዐሳማው ቢጠየቅ የሚስማማ አይመስለኝም።)

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ይህ ምላሽ የሚያገኘው ክሪሲጶስን ነው። የአርስቶትል ጥርስ የሚያገለግለው የጥርሱን ባለቤት እንጂ ሌላን አይደለም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው አንደኛ መጽሐፍ ላይ ግን ዕፅዋት ለእንስሳት፣ እንስሳት ደግሞ ለሰው ናቸው ብሎ ጽፏል። ይህንንስ ምን ያደርጉታል?

የባዮሎጂ መምህሩ፦ እውነት ነው፣ ያንን ክፍል ለመከላከል አልሞክርም፤ እኔ የቆምኩት ለጥርሱ ነው።

የፍልስፍና ተማሪው፦ ጥያቄው ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። አርስቶትልን ተክቶ ትምህርት ቤቱን የመራው ቴዎፍራስጦስ፣ ወንድ ጡት ያለው ለምንድን ነው፣ አጋዘንንስ የሚጎዳው ትልቅ ቀንድ ምን ይረባዋል ብሎ ጠይቋል፤ ሁሉም ነገር ለዓላማ ነው ለሚለው አባባልም ወሰን እንዲበጅለት አሳስቧል። ካርኔአዴስም ቢሆን ዓላማ የለም ብሎ አላወጀም፤ አለ የሚሉት ወገኖች ማስረጃ እንደሚጎድላቸው ማሳየት ይበቃው ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እንግዲያው መምህር ጥርሱን ይያዙ፤ የአጋዘኑን ቀንድ ግን ማስረዳት ይቀርዎታል።