የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶ ቀለሙ የእውነት ነው ወይስ ተቀብቶ ነው?

ኮከብ_ቆጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቺሊ ውስጥ ላ ሲላ ላይ ባለው 2.2 ሜትር ቴሌስኮፕ የተነሳውን የኦሪዮን ኔቡላ (ጠፈር ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ አይቼ ፈዝዤ ቀረሁ። ሮዝ፣ ቀይ፣ መሃሉ ነጭ ብርሃን። ከዚያ በጓደኛዬ ትንሽ ቴሌስኮፕ ራሱን ኔቡላውን ሳየው ግራጫ ጭጋግ ብቻ! ተቀብቶ ነው እንዴ? ወይስ ችግሩ ዓይኔ ነው?

የማታ_ሰው፦
ዓይንህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። ጨለማ ላይ የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ካሜራ ግን ለደቂቃዎች፣ ካስፈለገም ለሰዓታት ብርሃን ያጠራቅማል። ቀዩ የእውነት ነው። መሃል ላይ ትራፔዚየም የሚባሉ ወጣት ኮከቦች አሉ፤ የትልቁ ኮከብ አልትራቫዮሌት ጨረር ከሃይድሮጂኑ ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል፣ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገባ ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ይለቃል። የሱቅ ኒዮን መብራትን አስበው፣ ጋዙ ራሱ ነው የሚያበራው።

ሕሊና_ሰ፦
«የእውነት ነው» ብሎ መዝጋት ይከብዳል፣ እንደ ፎቶው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪስታ በተባለው 4.1 ሜትር ቴሌስኮፕ የወጣው የዚሁ ኔቡላ ፎቶ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን የማያየው ብርሃን ስለሆነ ቀለሙን የመደበው ሰው ነው። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሳቸው የንስር ኔቡላ ምሰሶዎችም ሰልፈሩ ቀይ፣ ሃይድሮጂኑ አረንጓዴ፣ ኦክስጅኑ ሰማያዊ ተደርጎ ነው የተሠሩት። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ለመለየት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ማብራሪያውን ቆርጠው ፎቶውን ብቻ የሚለጥፉት ናቸው።

ኮከብ_ቆጣሪው፦
አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ታዲያ ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ዓይኔን ባስጠጋስ?

የማታ_ሰው፦
ብዙ አትጠብቅ። ትልቅ መስታወት ብርሃን በደንብ ይሰበስባል፣ ግን ምስሉንም ስለሚያጎላው ብርሃኑ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበተናል፤ የምታተርፈው ዝርዝሩን ነው። ኦሪዮን ደማቅ ስለሆነ ግን አንዳንዱ ሰው መሃሉ ላይ አረንጓዴ ነገር ያያል። እሱ የኦክስጅን ብርሃን ነው፣ ዓይናችን ጨለማ ላይ ከቀይ ይልቅ አረንጓዴ ይቀናዋል።

ሕሊና_ሰ፦
ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ከከተማ ወጣ ብለህ ሞክር። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ተርታውን ከተሰለፉት ሦስት ኮከቦች ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። ስልክህን ደግሞ ኪስህ ውስጥ ተወው፣ አንዴ ካበራኸው ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ እንደገና ግማሽ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ።