ፍሪጅ ሳይኖር ከቺካጎ እስከ ኒው ዮርክ ትኩስ ሥጋ እንዴት ይጓዝ ነበር?

የታሪክ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1880ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቺካጎ የታረደ የበሬ ሥጋ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ተጉዞ ኒው ዮርክ ሉካንዳ ላይ ይሰቀል እንደነበር አነበብኩ። ሞተር የሌለው ፉርጎ እንዴት ይቀዘቅዛል? ከብቱን ከነነፍሱ ጭኖ እዚያው ማረዱስ አይቀልም ነበር?

ሐዲድ፦
ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ክረምት ላይ ከሐይቅ ተቆርጦ በሰጋቱራ ውስጥ የተከማቸ በረዶ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይስባል። ያንኑ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ግን 1 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። ስለዚህ ጥቂት በረዶ ብዙ ሙቀት ይውጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የከሸፉት በአቀማመጥ ነው። በረዶ የነካው ሥጋ መልኩ ይለወጥና ቶሎ ይበላሻል። ከጣሪያ የተንጠለጠለው ደግሞ ባቡሩ ሲታጠፍ እየተወዛወዘ ፉርጎውን ከሐዲድ ያስወጣ ነበር። የቺካጎው ሥጋ ነጋዴ ጉስታቨስ ስዊፍት ኢንጂነር አንድሩ ቼዝን ቀጥሮ በ1870ዎቹ መጨረሻ ያሠራው ፉርጎ ሁለቱንም ፈታ። በረዶው ከላይ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ሥጋው ከታች ተጠጋግቶ ስለሚጫን ክብደቱ አይናወጥም።

ፉርጎው ግን ብቻውን አያድንም። ሥጋው ከመጫኑ በፊት በቀዝቃዛ ክፍል እስከ አጥንቱ መቀዝቀዝ አለበት። ከእርድ ሙቀቱ ጋር ከገባ በረዶው መንገድ ሳይጀመር ያልቃል፤ የሚወጣው እንፋሎትም ሥጋው ላይ እርጥበት ሆኖ ያርፋል። በየመንገዱ በረዶ የሚሞላባቸው ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ በጣሪያው መክፈቻ በኩል ይጨመራል። አንዱ ጣቢያ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ጭነቱ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ይበልጥ ማቀዝቀዝ ሲፈለግ ጨው ይደባለቃል፤ ጨው ከቅይጡ ክብደት 23 በመቶ ገደማ ሲሆን ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ይህም የራሱ ዕዳ አለው፦ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ሐዲዱንና የብረት ድልድዩን ይበላል።

የገበያ ነገር፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ከአንድ በሬ ክብደት ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው ቆዳ፣ አጥንት፣ ቀንድና ፈርስ ነው። ከብቱን ከነነፍሱ የሚልክ ሰው ለማይበላውም ጭምር የባቡር ኪራይ ይከፍላል። ከብቱ መንገድ ላይ ይከሳል፤ የሚሞትም አለ። ከ1873 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ፣ ሳይጠጣና ሳይበላ እንዳይጓዝ አዘዘ።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀዝቃዛው ፉርጎ ማረጃውን ራሱን ከየከተማው አንስቶ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ትላልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች ገንዘባቸውን በከብት ፉርጎና በበረት ላይ ስላፈሰሱ አልተባበሩም፤ ስዊፍት በካናዳ በኩል የሚያልፈውን፣ የከብት ጭነት እምብዛም ያልነበረውን ግራንድ ትረንክ የተባለ የባቡር መስመር ተጠቀመ። በሺዎች የሚቆጠር ከብት አንድ ግቢ ሲታረድ ሞራው ለሳሙና፣ አጥንቱ ለሙጫ፣ ደሙ ለማዳበሪያ መዋል ቻለ። የየከተማው ሥጋ ሻጭ ያንን ይጥለው ስለነበር በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም፤ አራጅነቱን አጥቶ የቺካጎ ሥጋ ቸርቻሪ ሆነ። ይህን ኪሳራ ብዙዎቹ መጻሕፍት በአንድ መስመር ማለፋቸው ትክክል አይመስለኝም። ቄራው ውስጥም እርዱ ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ያንኑ አንድ ቁርጥ ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። ፎርድ በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ላይ መኪና ሲገጣጥም የተከተለው ሐሳብ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

የታሪክ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ሥጋው ቤት ከደረሰ በኋላስ? አንዳንድ ሰዎች በቤታቸው የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ያለውን በረዶ በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ይጠቀልሉት እንደነበር አይቻለሁ። ይጠቅማል?

ጓዳ፦
በረዶው ይቆያል፣ ምግቡ ግን ይበላሻል። በረዶ የሚያቀዝቅዘው ሲቀልጥ ብቻ ነው፤ እንዳይቀልጥ ከተሸፈነ ሥራውን አይሠራም። የቤቱ ሳጥን ከውጭ እንጨት፣ ከውስጥ ዚንክ ወይም ቆርቆሮ ሲሆን በመሐሉ ቡሽ ወይም ሰጋቱራ ይጠቀጠቃል። በረዶው ከላይ ይገባል፤ ወተትና ሥጋ ቀዝቃዛው አየር መጀመሪያ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። መደርደሪያውን አጨናንቆ የአየሩን መንገድ መዝጋት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነበር። ከታች ያለው የውሃ መቀበያ ካልተደፋ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ የፍሳሽ ቧንቧው በውሃ ካልታሸገ ደግሞ የውጭ ሙቀት በእርሱ ይገባል። የቤቱ እመቤት 25፣ 50፣ 75 እና 100 የተጻፈበትን ካርድ መስኮት ላይ ታደርጋለች፤ ወደ ላይ የዞረው ቁጥር የምትፈልገው ፓውንድ ስለሆነ በረዶ አዳዩ ሳያንኳኳ ልክ ያንኑ ቆርጦ ይገባል። 25 ፓውንድ 11 ኪሎ ግድም ነው።

መጭመቂያ፦
የኤሌክትሪክ ፍሪጅ ይህን ሥራ ወዲያው አልተካም። በ1927 ጄኔራል ኤሌክትሪክ መጭመቂያው ከአናቱ ላይ የተቀመጠውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ፤ የሚሠራው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ ሲያፈተልክ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሻል። ሌሎች የተጠቀሙበት ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው ደካማ ስለሆነ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። በ1930 ይፋ የሆነው ፍሪዮን የተባለ የማቀዝቀዣ ጋዝ ይህን ስጋት አነሳ፤ የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የአሜሪካ ገጠር ደግሞ በአብዛኛው መብራት አልነበረውም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሪክ የነበረው ከአሥር የእርሻ ቤቶች አንዱ ያህል ብቻ ነበር፤ በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ተቋቁሞ መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ በብዙ እርሻዎች የኤሌክትሪክ ፍሪጅ የማይታሰብ ነበር።