ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም (3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ)

ጥያቄ፦ ችግኝ ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዙሪያ፣ ወንዝ ዳር የቡና ችግኝና ጎመን የምናጠጣበት 6.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። እስከ ጥር በደንብ ሲሠራ ነበር። አሁን በአንድ ጉተታ ይነሳል፣ ድምፁም ጤነኛ ነው፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ከላይ ባለው መሙያ ውሃ ሞልቼዋለሁ። ወንዙ ስለጎደለ ፓምፑ አሁን ከውሃው 7 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሲሉ (በሞተሩና በፓምፑ መሀል ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ክፍል) አልቆ ይሆን? አዲስ ልግዛ?

ፋሸታ፦
ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይቺን ሞክር። የመምጠጫ ቱቦውን ፍታና ፓምፑን ውሃ ሙላው። ውሃው በመምጠጫው አፍ ተመልሶ ከፈሰሰ፣ ከውስጥ ያለችው የላስቲክ ምላስ ቆሻሻ ይዛለች ወይ ደርቃ ተጣማለች፤ አውጥተህ እጠባት ወይ ቀይራት። በሞተሩና በፓምፑ መሀል ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሲሉ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሳና መዳፍህን ዘርግተህ መምጠጫው አፍ ላይ ለጥፍ (ጣት እንዳታስገባ)። መዳፍህን ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩን ቱቦው ላይ ፈልግ።

ከ2 ደቂቃ በላይ ያለ ውሃ አታሠራው። ሲሉን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው። ደርቆ ከጋለም ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስበት፣ ሲሉ ይሰነጠቃል።

ችግኝ ጅማ፦
መዳፌን ሳበው። ከሥርም ጠብታ የለም።

ቦዬ፦
እንግዲያው ጥፋቱ የ7 ሜትሩ ነው። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። ጅማ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የመሳብ ከፍታ 8 ሜትር ተብሎ የተጻፈው እዚህ 6 ሜትር ቢደርስ ነው፤ እኔ ከ5 አላሳልፍም።

ፓምፑን ወደ ውሃው አውርደውና በመግፊያው በኩል ቱቦ ጨምር። ሲስብ ደካማ ነው፣ ሲገፋ ግን 20 ሜትር ሽቅብ አይከብደውም። መምጠጫው ጠንካራው ባለ ጠመዝማዛ ቱቦ ይሁን፤ ለስላሳው ሲስብ ይጣበቃል። መገጣጠሚያው ላይ ጎማዋ መኖሯን እይ፣ ፋሸታውንም (የቱቦ ማሰሪያውን ቀለበት) ሁለት አድርገህ በካቻቢቴ አጥብቅ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል አየር ማስገቢያ ሁሉንም ከንቱ ታደርጋለች። ማጣሪያውን ዘንቢል ውስጥ አስረህ ከአሸዋው 30 ሳንቲ ከፍ አድርገው።

ችግኝ ጅማ፦
ከውሃው 3 ሜትር ላይ አወረድኩት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውሃ ሰጠ! አሁን ደግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ይነሳና እንደገና ይጠፋል።

ካንዴላ፦
ያስቀመጥከው ተዳፋት ላይ ነው? ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር አለው፤ ሞተሩ ካዘመመ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ሙሉ ሆኖ ሳለ ያለቀ ይመስለዋል። አፈሩን ቆርጠህ ደልድል፣ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አድርግ። ከዚያ ዘይቱን ለካ፦ መለኪያዋን ጠርገህ፣ ሳታሽከረክር ብቻ አስገብተህ አውጣ። የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ይሰማዋል። የሴንሰሩን ሽቦ ቆርጦ መጣል የሚመክርህ ቢኖር እንዳትሰማው፣ ሞተሩ ይነክሳል (ያለ ዘይት ግሎ ይጣበቃል)።

ፋሸታ፦
ደልድለህም ከጠፋ፣ ልክ እንደጠፋ የቤንዚን ታንኩን ክዳን አላላ። “ፉስ” ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የዝቃጭ ጽዋ ፍታ፤ ከጀሪካን የገባ ውሃ ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ተለይቶ ይታይሃል።

ችግኝ ጅማ፦
ተዳፋቱ ነበር። ደልድዬ ታንኩ እስኪያልቅ ሠራ። እግዜር ይስጥልኝ።

የሰርቦ ልጅ፦
እኔ ያለኝ 9 ሜትር የእጅ ጉድጓድ ነው። በገመድ ውስጡ ላውርደው?

ቦዬ፦
በፍጹም! የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የወረደውንም፣ እሱን ላውጣ ብሎ የተከተለውንም ይገድላል። መብራት ካለህ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ፈልግ፤ ከሌለህ የገመድ ፓምፕ ለ9 ሜትር ይበቃሃል።