«ሜጋፋውና» ከስንት ኪሎ ጀምሮ ነው?

ጥያቄ፦ አንዱ ጽሑፍ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነውን እንስሳ ሁሉ ሜጋፋውና ይላል፤ ሌላው 1,000 ኪሎ ካልሞላ አይቆጥረውም። ዋልያ ይገባል? በአማርኛስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። 45 ኪሎ ከ100 ፓውንድ የመጣ ቁጥር ነው፤ በበረዶ ዘመን ማብቂያ ስለጠፉት እንስሳት የሚጽፉ ይጠቀሙበታል። 1,000 ኪሎ የግዙፍ ዕፅ በሎች መስፈርት ነው፦ ዝሆን፣ ጉማሬ፣ አውራሪስ። እነዚህ ካደጉ አንበሳ እምብዛም አይደፍራቸውም፤ ዝሆን ዛፍ ገንድሶ ጫካውን ሜዳ ያደርገዋል። ወንዱ ዋልያ ከ80 ኪሎ በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ይገባል፣ በሁለተኛው አይገባም። ቀይ ቀበሮ 20 ኪሎ ስለማይሞላ ከሁለቱም ውጭ ነው።

ሌላ መልስ፦ ስህተት የሚበዛው ክብደቱን ስትወስድ ነው። የሚታየው ያደገው እንስሳ ነው እንጂ ግልገሉ አይደለም። ቀጭኔ ያስቸግራል፤ ወንዱ 1,000 ያልፋል፣ ሴቷ ብዙውን ጊዜ አታልፍም።

ለትርጉሙ «ግዙፍ እንስሳት» በለው፤ «አውሬ» መጠንን አይናገርም። በሬም ከ45 ኪሎ ስለሚያልፍ «የዱር» ማለትህን አትርሳ። ስለ ባሕር ወለል የምታነብ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፦ እዚያ ሜጋፋውና የሚባለው በካሜራ የሚለየው ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም።