ሉናና (ቡታን) ላይ ዘጋቢ ፊልም ለመቅረጽ፦ የባትሪና የሶላር ጥያቄ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሆነን ስለ ቡታን ሲኒማ ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ ነው። ከአዲስ አበባ በደልሂ በኩል ፓሮ እንገባለን። ዋናው ቀረጻ ሉናና ነው፤ በ2022 ለኦስካር የታጨው የፓዎ ቾይኒንግ ዶርጂ ፊልም በሶላር ኃይል የተሠራበት ቦታ። እኛም በሶላር ብቻ 10 ቀን ልንቀርጽ አስበናል። ካሜራና ሞኒተር 35 ዋት ይበላሉ፣ በቀን 5 ሰዓት ይበራሉ። ስንት ባትሪና ፓኔል እንያዝ? ለዳታው ሃርድ ዲስክ ይበቃል?

ጋፈር (የመብራትና የኤሌክትሪክ ኃላፊ)
35 በ5 ሲባዛ 175 ዋት-ሰዓት ነው። ላፕቶፕ 100፣ ድምፅና ስልክ 25 ጨምሩበት፤ በቀን 300። ቻርጅ ሲደረግ ከሚባክነው ጋር 360 ያዙት። 100 ዋት የተጻፈበት ፓኔል በተግባር ከ60 እስከ 70 ነው የሚሰጠው፤ በ4 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 260 ገደማ። ስለዚህ አንዱ አይበቃም፣ ሁለት ያዙ።

ባትሪ የሁለት ደመናማ ቀን መቻል አለበት። 600 ዋት-ሰዓት ትፈልጋላችሁ፤ ብርድ ሩቡን ቢወስድባችሁ 800። ባለ 98 ዋት-ሰዓት ቪ-ማውንት (ካሜራ ጀርባ ላይ የሚገጠም ባትሪ) 8 ገደማ ማለት ነው። ፓኔሉን በቀጥታ ከቻርጀር አታገናኙ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል፣ አንዳንዱ ቻርጀር ደግሞ ፀሐይ ስትመለስ ራሱ አይቀጥልም። መሀል ላይ ፓወር ስቴሽን (ኃይል አጠራቅሞ የሚሰጥ ትልቅ ባትሪ) ይግባ።

ዲአይቲ (የቀረጻ ዳታ ባለሙያ)
ሃርድ ዲስኩን ተዉት። የብዙዎቹ የሥራ ከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው፤ የሉናና መንደሮች ከዚያ በላይ ናቸው። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየር ሲሳሳ ዳታው ያለበትን ሳህን ሊነካ ይችላል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ያዙ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ በቀን 3 ሰዓት ብትቀርጹ በ10 ቀን 1.35 ቴራ። ባለ 2 ቴራ ሁለት ግዙ፣ ሁለቱንም በአንድ በቅሎ ላይ አትጫኑ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። 500 ዋት-ሰዓት ፓወር ስቴሽን አለን፣ ይዘን እንብረር?

ፕሮዳክሽን ማናጀር
አይሆንም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም አይገባም። ዋና ከተማው ቲምፉ ላይ በአገሬው ቡድን በኩል ተከራዩ። ቪ-ማውንቶቹ ከ100 በታች ስለሆኑ በእጅ ሻንጣ ይሄዳሉ፤ ጫፋቸውን በቴፕ ሸፍናችሁ ለሦስት ተካፈሏቸው። የዕቃ ዝርዝር ከነሲሪያል ቁጥሩ ቦሌ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡ፣ አለዚያ ስትመለሱ ቀረጥ ትጠየቃላችሁ። ትኬቶቹ ለየብቻ ከተገዙ ደልሂ ላይ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ለዚያ የሕንድ ቪዛ ያስፈልጋል።

ቡታን ከጎብኚ በሰው በአዳር 100 ዶላር ታስከፍላለች፣ የቪዛው 40 ለብቻው ነው። በጀቱን የሚበላው ይሄ ነው፤ ወደ ሉናና የሚወስደው የእግር መንገድ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ እነዚያም አዳሮች ይቆጠራሉ። የቀረጻ ፈቃድ ከቪዛው ጋር አይመጣም፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቲምፉ ላይ ግን ስለ ኦስካሩ ጠይቁ። ፊልሙ መጀመሪያ ሲላክ አገሪቱ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የሚያውቀው መራጭ ኮሚቴ ስላልነበራት አልተቀበሉትም፤ ያለፈው በቀጣዩ ዙር ነው። ከባትሪው ይልቅ ለፊልማችሁ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

ካሜራ ረዳት
ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ቀን ብቻ ቻርጅ አድርጉ፣ ሌሊት ባትሪውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከእናንተ ጋር አሳድሩት። ካሜራውን ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩት፤ እስኪሞቅ ካልከፈታችሁት ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። የአዲስ አበባን ከፍታ ለምደናል ብላችሁም አትቸኩሉ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር።