ክርክር፦ የኪራይ ስኩተር እንደ ፓሪስ ከዲሲ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦
ሰላም ለዲሲና ለአካባቢው ወገኖች። የስኩተሩ ነገር ሰሞኑን ብዙ ሰው ስላነጋገረ ለብቻው እናንሳው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳደረገችው የኪራይ ኤሌክትሪክ ስኩተር ከዋሽንግተን ዲሲ ሙሉ በሙሉ ይውጣ? ወይስ ሕጉ ይጥበቅና ይቆይ? በጨዋነት እንነጋገር። ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይሰረዛል።

የሾው ነዋሪ፦
ይውጣ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እዚህ ሾው ሰፈር ዘጠነኛው መንገድ ላይ እንጀራ ገዝታ ስትመለስ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ የተጋደመ ስኩተር ጠልፎ ጣላት። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ለኩባንያው ደወልኩ። ኃላፊው መጨረሻ ላይ የተከራየው ሰው ነው አሉኝ። ማነው ስላቸው ደግሞ አንናገርም አሉ። መኪና ቢገጫት ኖሮ ታርጋ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ፖሊስ ይመጣል። ለዚህ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። እጇ ድኗል። አሁን ግን ብቻዋን መውጣት ትፈራለች። ለአምስት ደቂቃ መንገድ ሰው ትጠብቃለች። አዲስ አበባ እያለች ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ በእግሯ የምትወርድ ሴት ናት።

የሌሊት ሺፍት፦
እህቴ፣ እናታችንን እግዚአብሔር ያበርታልን። የደረሰባት ነገር መድረስ የሌለበት ነው። ግን ይውጣ ስትሉ እኔንም አስቡኝ። ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው። ኩሽናውን አጽድተን ስንወጣ እኩለ ሌሊት ያልፋል። በሥራ ቀን ሜትሮ በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። አውቶቡስ ቢኖርም በብርድ ቆሞ መጠበቅ ነው። ኡበር በየቀኑ ልሳፈር ብል ደሞዜ አይበቃም። ከተማው ፈቃድ ሲሰጥ ኩባንያዎቹ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪ ቅናሽ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። እኔ በዚያ ቅናሽ ነው ቤቴ የምገባው። በዳውንታውን የሚዝናናውን ቱሪስት ለመቅጣት ብላችሁ ሠራተኛውን በእግሩ አታስኬዱት።

ጋሽ ታክሲ፦
ልጆቼ፣ እኔ የምናገረው ከመሪው ኋላ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ቀይ መብራት ይጥሳሉ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ነው። ሁለት ሆነው በአንድ ስኩተር ይሳፈራሉ። ከእግረኛ መንገድ ዘለው ወደ አስፋልቱ ሲገቡ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አይሰጡህም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ዱፖንት ሰርክል አጠገብ አንድ የ20 ዓመት ልጅ በኪራይ ስኩተር ላይ እያለ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የሰው ልጅ ነው። የሌሊት ፍርሃቴ ያ ነው፣ እኔ ሳላጠፋ የሰው ልጅ እጄ ላይ እንዳይሞት። እኔም ይውጣ ባይ ነኝ።

የሌሊት ሺፍት፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ያን ልጅ የገደለው መኪና ነው እንጂ ስኩተሩ አይደለም። ከተማው በ2015 በመንገድ ላይ የሚሞት ሰው በ2024 ዜሮ ይሆናል ብሎ ቃል ገባ። በ2023 ብቻ 52 ሰው ሞተ። ከነዚህ ሞቶች አብዛኛዎቹ የመኪና ናቸው። መኪና ይውጣ ያለ ግን አልሰማሁም።

ጋሽ ታክሲ፦
እውነት ነው፣ አልክድህም። ነገር ግን እኔ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተፈትኛለሁ። ባጠፋ ቲኬት ይመጣልኛል፣ ነጥብ ይያዝብኛል፣ ኢንሹራንሴ ይጨምራል። ስኩተር ለመንዳት የሚያስፈልገው ስልክና ካርድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ከፓሪስ፦
ስማችን ስለተነሳ እኔም ልናገር። በሚያዝያ 2 ቀን 2023 በተደረገው ድምፅ ከመራጩ 89 በመቶው ኪራዩ ይቁም አለ። ከመስከረም 1 ጀምሮ 15,000 ገደማ ስኩተር ከመንገድ ተነሳ። ለዲሲ ወገኖች የማይነገረው ግን ሌላው ነገር ነው። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከተመዘገበው ሰው 7.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። በየምርጫ ጣቢያው ከታዩት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ የሚነዳው ወጣት እቤቱ ቀረ። ደግሞ የተከለከለው ኪራይ ብቻ ነው። የራሱን የገዛ ዛሬም ይነዳል።

ያም ሆኖ ሰው ለምን እንደተቆጣ ይገባኛል። በ2021 በሴን ወንዝ ዳር አንዲት ጣሊያናዊት ወጣት ሁለት ሰው በጫነ ስኩተር ተገጭታ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከተማው ስኩተርን ያየበት ዓይን ተለወጠ። አሁን የእግረኛ መንገዱ ለቀቅ ብሏል። ልጄን በጋሪ ስገፋ እንደ ድሮው እየዞርኩ በአስፋልት አልሄድም።

ነርሷ፦
የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ስኩተር ያመጣብን ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ነጂው ራሱ ነው። አንጓ፣ ክርን፣ ጥርስ፣ ፊት። ሄልሜት ያደረገ ሲመጣ ጉዳዩ ቀላል ይሆናል፣ ግን ኪራይ ላይ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ማየት ብርቅ ነው። ትንሿ ጎማ ጉድጓድ አትችልም፣ ነጂው ደግሞ የቆመ ስለሆነ ወደፊት ይወረወራል።

የተመታ እግረኛ ቁጥሩ ያነሰ ነው። ይሄን ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ወጣት ሲወድቅ ጄሶ ታስሮለት ይሄዳል። የ70 ዓመት ሰው ዳሌ ሲሰበር ቀዶ ሕክምና ነው፣ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ቀድሞው መሄድ አይችልም። ዓይነ ስውር ደግሞ አለ። በዱላው መንገድ የሚለየው ሰው ትናንት ባዶ የነበረው ቦታ ዛሬ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሾው እህታችን የተናደደችው በትንሽ ነገር አይደለም።

ሕግ ተከታታይ፦
አንድ ነገር ብዙዎቻችን የማናውቅ ይመስለኛል። ዲሲ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ላይ ስኩተር መንዳት የተከለከለው በማዕከላዊው የንግድ ክልል ብቻ ነው። የክልሉ ሰሜን ወሰን ማሳቹሴትስ አቬኑ ነው። ከዚያ በላይ ያለው፣ ሾው፣ ዩ ስትሪት፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሁሉ ከክልከላው ውጭ ነው። ማለት የጠበቆችና የሎቢ ቢሮዎች ያሉበት እግረኛ ተጠብቋል። የእኛ እናቶች የሚሄዱበት ዘጠነኛውና ዩ መንገድ ግን አልተጠበቀም። ስኩተር በአጠገባቸው ቢያልፍ ሕግ አልጣሰም።

ሁለተኛው፣ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የኪራይ ስኩተር ከብስክሌት ማቆሚያ ወይም ከምሰሶ ጋር ካልታሰረ ኪራዩ እንዳይዘጋ ደንብ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ በየቦታው ተጥሎ ነበር። አሁን ቀንሷል። ግን መንገዱን የሚዘጋ ምሰሶ ላይ ያስሩታል፣ ወይም ተንሸራቶ ይጋደማል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ማሽኑን ሳይሆን ቦታውን እንከልክል። የሳይክል መስመር ባለበት መንገድ ሁሉ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ይሁን። ማቆሚያው ደግሞ ከእግረኛ መንገድ ወርዶ አስፋልቱ ላይ፣ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ይሠራ።

የሾው ነዋሪ፦
የተጋደመ ስናይ ወዴት እንበል? ወደ ከተማው የአቤቱታ ስልክ 311 ደውይ ተባልኩ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። እሷ ራሷ ብታይ ምን ታደርጋለች?

ሕግ ተከታታይ፦
በአማርኛ ትናገራለች። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል። አማርኛ በዚያ ሕግ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። 311 ስትደውል «አማሪክ» ትበል፣ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ሰዓቱንና የሕንፃውን ቁጥር ትንገራቸው። አቤቱታ ካልተመዘገበ ከተማው ችግሩ የለም ነው የሚለው። እኛ ሰፈር ሰው የሚያማርረው ቡና ላይ ነው፤ መዝገብ ላይ ግን የለንም።

ባለ ሬስቶራንት፦
ቆይ ቆይ። ማቆሚያው ወደ አስፋልት ይውረድ ስትል የማንን ቦታ ነው? ዘጠነኛው መንገድ ላይ የሳይክል መስመር ሲታሰብ ሰፈሩ ያሉ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ፓርኪንግ ያሳጣናል ብለው ዓመታት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ከፍሎሪዳ አቬኑ እስከ ፔንሲልቬንያ አቬኑ ተሠራ። ደንበኛዬ ግማሹ ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና የሚመጣ ነው። ሦስት ጊዜ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ላይ ሌላ ቦታ ውሰዱ ትላላችሁ። የቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ።

የሌሊት ሺፍት፦
ጋሼ፣ መስመሩማ ተሠርቷል። እኔ በእግረኛ መንገድ የምነዳው ፈልጌ አይደለም። መስመር በሌለበት መንገድ ላይ መኪናው ጎኔን እየታከከ ሲያልፍ ነፍሴን ለማዳን ነው የምወጣው። ዘጠነኛው ላይ ግን ሰበብ የለኝም። ማንም ሰበብ የለውም። እዚያ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚነዳን ይቅጡት፣ እኔም ብሆን።

የሾው ነዋሪ፦
ይህን በማለትህ አመሰግንሃለሁ ወንድሜ። ይውጣ የሚለውን ግን አልተውኩም። ድምፅ ቢሰጥ ዛሬ ያንኑ እመርጣለሁ። ሆኖም ድምፅ እስኪመጣ እናቴ አትቆይም። ክልከላው ከማሳቹሴትስ አቬኑ ወደ ሰሜን ይስፋ የሚል ደብዳቤ ካለ እፈርማለሁ። ኩባንያውም ተጠያቂ ይሁን የሚል ይግባበት። የተጋደመ ስኩተር ሰው ከጣለ፣ የተከራየውን ይፈልጉ እንጂ ጉዳተኛዋ አትፈልግ።

ጋሽ ታክሲ፦
የእኔንም ስም ጻፉት። ቲኬት የሚጽፍ ሰው ካልተመደበ ግን ሕጉ ወረቀት ነው።

ሕግ ተከታታይ፦
ሦስቱንም አስገባለሁ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጅቼ እዚህ እለጥፋለሁ። ለማቆሚያው ዘጠነኛውና ዩ አካባቢ የትኛው ቦታ ይሻላል? ሰፈሩን የምታውቁ ጻፉልኝ።

ባለ ሬስቶራንት፦
የማንም ሱቅ በር ፊት አታድርጉት። የመሻገሪያው ጥግ ላይ ያለውን ቦታ እዩ። እዚያ ትልቅ መኪና ሲቆም የሚሻገር ሰው ለሹፌር አይታይም። ስኩተር ቢደረደርበት ከጉልበት በላይ ብዙም አይጋርድም። ያንን ከሆነ አልቃወምም። ከዚያ ውጭ ላለው ግን ስብሰባው ላይ መጥቼ እከራከራለሁ።